አማቴን በግራፍ የገደልኳቸው ዕለት

አማቱን የማይወድ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ድሮም ሆን ብሎ ነው» እንዳትሉኝ ነው። የባለቤቴን እናት እማማ ተዋበችን እወዳቸዋለሁ። እሳቸው ባይኖሩ እኔና አስቴር ስንጣላ ማን ያስታርቀን ነበር? ደግሞ ሲያስታርቁን ሁልጊዜ የሚፈርዱት ለእኔ ነው፤ የገዛ ልጃቸውን «አንቺ ነሽ ነገረኛ» ብለው ይገላግሉኛል። እንዲህ ያለ አማት በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። እንግዲህ እኚህን ሴት ነው አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የገደልኳቸው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ጀማሪው ግርማ ነው። ግርማ የአስቴር ታናሽ ወንድም ነው፤ አዳማ ይኖራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ እንባው ግን ቅርብ ነው። ሰርግ ላይ ያለቅሳል፣ ምርቃት ላይ ያለቅሳል፣ የሚደግፈው ቡድን ሲሸነፍም ሲያሸንፍም ያለቅሳል። አንድ ቀን እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ወደ እኛ ቤት የሚያደርሰውን ዳገት ወጥቶ እስኪጨርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለና፣ ገና በሩ ላይ እንደቆመ «በቃ! እማዬን እወስዳታለሁ» አለ። «ደም ግፊት ያለበት ሰው ጉለሌ አይኖርም። ዳገት ነው፣ ብርድ ነው። አዳማ ሜዳ ነው፣ ሙቀት ነው።»

«ዳገቱን ያልቻልከው አንተ ነህ። አንተው ሂድና ተለካ» አሉት እማማ።

እማማ ከዚህ ሰፈር የትም መሄድ አይፈልጉም። ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ማኅበራቸው፣ የሚያሟቸውም የሚያሟሟቁላቸውም ጎረቤቶች ሁሉ እዚህ ናቸው። አስቴርም እናቷ ከሄደች ቤቱ ቤት አይሆንላትም። እኔም ዳኛዬን ላጣ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ግርማ ከሻንጣው የደም ግፊት መለኪያ አወጣና ፍርዱን ሰጠ። «ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ትለካ። ቁጥሩ ረጋ ካለ እዚሁ ትቀመጥ። ከፍ ዝቅ ካለ ግን ማንም አያስቀራትም፤ እወስዳታለሁ» አለ።

ልብ በሉ፤ ከፍ ዝቅ ካለ ነው ያለው።

ለኪውም መዝጋቢውም እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እማማ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፣ መለኪያው እያጓራ ይነፋል፣ እኔ የላይኛውን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ መቶ ሠላሳ፤ አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት፤ አንድ መቶ ሃያ ስምንት። ሰላም ነው። እሁድ እሁድ ብቻ «ዛሬስ ቅዳሴ ይረፍድብኛል» ይሉና ክንዳቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ውልቅ ይላሉ። እኔም በቁጥሩ ቦታ «ቅዳሴ» ብዬ እጽፋለሁ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ጠበል ሊጠመቁ ለሦስት ቀን እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። እዚያም ላይ «እንጦጦ» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ለግርማ ብልከው ምን ነበረበት? ምንም። ግን እኔ ሰርተፍኬት አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ከአቧራ ሌላ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር አምና የተሰጠን የአምስት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ነው። ሰርተፍኬቱን በፍሬም አድርጌ ሳሎን ከሰርጋችን ፎቶ ጎን ሰቅዬዋለሁ። አስቴር «ከሰርጌ ፎቶ ከፍ አድርገህ ሰቀልከው» ብላ ሳምንት አኩርፋኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ደብተር ፎቶ አንስቶ አይልክም፤ ግራፍ ይሠራል።

ዓርብ ጠዋት ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ አስገብቼ ጨረስኩ። ያልተለኩባቸው ቀናት ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ቅዳሴ» የሚለው ቃል ግራፍ ላይ በምን ከፍታ ይቀመጣል? ሂሩትን ጠራኋት። ሂሩት የመሥሪያ ቤታችን የስታትስቲክስ ባለሙያ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ግን ሁልጊዜ የሆነ ቦታ እየሄደች ነው። ቆማ ያነጋገረችውን ሰው አላውቅም።

«ሂሩቴ፣ ያልተለካበት ቀን ላይ ምን ላድርግ?»

«ባዶ አድርገዋ!» አለችኝ ከኮሪደሩ። ከዚያ የጫማዋ ድምፅ ሲርቅ ብቻ ነው የተሰማኝ።

ባዶ! ባዶን እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው። ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን ውጤታችንን ጮክ ብለው ነበር የሚያነቡት። «እገሌ ከአሥር ስምንት፣ እገሊት ከአሥር ዘጠኝ፣ አንተ… ከአሥር ባዶ!» ባዶዋ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ ድፎ ዳቦ አክላ፣ ክብ ተደርጋ ነበር የምትሣልልኝ። ስለዚህ ሂሩት «ባዶ አድርገው» ስትለኝ አላመነታሁም። «ቅዳሴ»ን አጠፋሁ፤ ዜሮ። «እንጦጦ»ን አጠፋሁ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ከዚያ ግራፉን አዘዝኩት፤ ወጣ። በስመ አብ! መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና እሁድ ሲደርስ ዘጭ ይላል፤ ሰኞ ብድግ ይላል። አሥራ ሁለት ጊዜ ዘጭ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ብድግ። መጨረሻው ላይ ዘጭ አለና እዚያው መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ግን ሰው ራሱ የሠራው ነገር ያማረ ይመስለዋል፤ «እሁድ እሁድ ያርፋል ማለት ነው» ብዬ ለራሴ አስረድቼ አለፍኩ። መስመሩን ቀይ ቀባሁት። ርዕስም ሰጠሁት፤ «የእማማ ተዋበች የሕይወት ሁኔታ»።

የመዝገብ ቤት ሰው ያለ መሸኛ ምንም አይልክም። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ግራፉን ለቀቅሁና ከሥሩ «እንግዲህ የእማማ ነገር እዚህ ላይ ደርሷል። ግርማ፣ በርታ።» ብዬ ጻፍኩ። በርታ ያልኩት ልጁ ሰሞኑን ሥራ በዛብኝ እያለ ሲያማርር ስለነበር ነው። ከዚያ ስልኬን አጥፍቼ ስብሰባ ገባሁ። ስብሰባው ሰዓት ስለማክበር ነበር፤ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ መርዶ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። ርቆ ላለ ሰው «ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» ተብሎ ይጠራል፤ ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል። በዚህ የተነሣ ሁላችንም «ደህና ናት» የሚለውን ቃል እንፈራለን። የምር ደህና የሆነች ሴት ስትጠየቅ «ኧረ እሷማ ስትነጫነጭ ነው የዋለችው» ነው የሚባልላት። ደጋግመው «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ካሉህ ጥቁር ልብስህን ፈልግ።

ግርማ ግራፉን አየ። ወደ እናቱ ደወለ፤ ስልካቸው ዝግ ነው፤ እማማ እመቤታችን ደጅ ስልክ አይከፍቱም። ወደ እኔ ደወለ፤ ዝግ ነው። ወደ አስቴር ደወለ። አስቴር ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ፊት ለፊቷ ሰው ተሰልፏል፣ ግራፉንም ገና አላየችም። የተነጋገሩትን በኋላ ከሁለቱም አፍ ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«አስቱ፣ እማዬስ?»

«ደህና ናት።»

«የት ናት?»

«እንጦጦ ማርያም።»

«መቼ ሄደች?»

«ዛሬ ሦስት ቀኗ ነው።»

«ሦስት ቀኗ! ለእኔ ሳትነግሩኝ!»

«ምን ይነገርሃል? ሥራህን ጥለህ ልትመጣ ነው? ደግሞ አትንገሩት ያለችው እሷው ናት፤ ይጨነቃል ብላ።»

ከዚህ በኋላ አስቴር የሰማችው ጩኸት ብቻ ነው። መስመሩ ተቋረጠ። ግሩፑን ከፍታ ግራፉን ስታይ ነገሩ ገባት፤ መልሳ ደወለችለት። «ግርማ፣ እማዬ እኮ በሕይወት አለች! ደህና ናት!» ብትለው «አታባብዪኝ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። እሷም ሰልፉን ለባልደረባዋ ትታ፣ ነጭ ጋዎኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ እናቷን ይዛ ልትመጣ ወደ እንጦጦ ታክሲ ያዘች። በመንገድ ላይ ለእኔ ሃያ ጊዜ ደውላልኛለች። ለእኔ ያዘጋጀችውን ስድብ እግዜር በቸርነቱ በዝግ ስልክ መለሰልኝ።

ግርማ ደግሞ ከአዳማ እየነዳ ለዕድራችን ዳኛ ለጋሽ መኮንን ደወለ። «እናቴ ተቀብራ ሣልስቷ ሲወጣ ለእኔ አይነገርም ወይ?» አለ እያነባ። ጋሽ መኮንን ክው አሉ። ያስደነገጣቸው ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም። «ዕድሩ ሳይሰማ? የማንም ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት፣ እንደ ባዳ ተደብቃ ትቀበር?» ብለው ከዘራቸውን እየወዘወዙ ቤታችን መጡ። አንኳኩ፤ መልስ የለም። ሁላችንም ሥራ ነን። እሳቸው ግን በጠራራ ፀሐይ የተዘጋ በር ሲያዩ ነገሩ ሁሉ እውነት ሆነባቸው። የዕድሩን ስም ለማትረፍ ድንኳኑ ቶሎ ይውጣ አሉ።

እኔ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ስልኬን መክፈቱን ረስቼ፣ ከስብሰባ ወጣሁ። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ረዘም ስለሚል ቤቴ በልቼ ልመለስ ብዬ ታክሲ ያዝኩ። ዳገቱን ጨርሼ ብቅ ስል በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ሞልቷል። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ማን ፈቀደላቸው?» የሚል ነበር። ጋሽ መኮንን ከድንኳኑ ወጥተው እጄን ያዙኝ።

«ጋሽ መኮንን፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ምንም የለም ልጄ። ና ቁጭ በል።»

«ኧረ ማን ነው?»

«ሁሉም ደህና ነው። ውኃ ጠጣ።»

ደህና! አስቴር ትሆን? አንዷ ጎረቤት ከኋላዬ «እንግዲህ ለአስቴር ስትል ጠንክር» ስትል ግን ገባኝ። እማማ ናቸው። እንጦጦ ላይ ወድቀው ነው። ምን ነካኝና ነው ብቻቸውን የሰደድኳቸው? አለቀስኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ ያለቀስኩ አይመስለኝም። «የሚፈርድልኝ ሞተ!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ሳላውቀው የሠራሁትን ግራፍ አምኜ፣ ከሰው ሁሉ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በዚህ መሃል ግርማ ደረሰ። መኪናውን መንገዱ መሃል ገትሮ እየጮኸ መጣና ተቃቅፈን ተላቀስን። አልቅሰን አልቅሰን ድንገት ገፋ አደረገኝ።

«ሰው አይደለሁም ወይ? እንዴት በግራፍ ታረዳኛለህ?»

«የምን ግራፍ?»

ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ላይ ደቀነው። ቀዩ መስመር እየወደቀ እየተነሣ መጥቶ መጨረሻው ላይ ተዘርግቷል። ከሥሩ፤ «ግርማ፣ በርታ።» እንባዬ ቀጥ አለ።

«ግርማ፣ ይሄ… ይሄ እኮ ባዶ ነው!»

«አዎ! ባዶ ቀረን!» ብሎ ጮኸ።

«አይደለም! ባዶው ዜሮ ነው፤ ዜሮው ደግሞ ቅዳሴ ነው!»

«ውይ፣ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም!» አለች አንዲት ሴት ከድንኳኑ ውስጥ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

ጋሽ መኮንን ትከሻዬን ያዙኝ። «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። ውኃ አምጡና አናቱ ላይ አፍስሱበት» አሉ።

ማሰሮው አናቴ ላይ ሊገለበጥ ሲል አንድ ታክሲ ቆመ። አስቴር ወረደች። ከኋላዋ እማማ ተዋበች ቢጫ የጠበል ጀሪካናቸውን አቅፈው ወረዱ። ድንኳኑን ሲያዩ ጀሪካኑን ለቀቁትና «ወይኔ! ማን ነው? ግርማዬ ነው? ልጄን ነው?» እያሉ ፊታቸውን ሊነጩ እጃቸውን አነሡ። እሳቸውን ሲያይ የተደረደረው ሰው ሁሉ አማተበ። ግርማ ሮጦ እግራቸው ላይ ተደፋ።

ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው ጠጋ አሉ። «ተዋበች… አለሽ እንዴ?»

«ምነው መኮንን? ካልፈቀድክ ልመለስ?»

ነገሩ ሲነገራቸው ይቆጣሉ ብለን ፈራን። እሳቸው ግን ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ንፍሮ አስመጥተው ቀመሱ። «ጨው አንሶታል» አሉ። ከዚያ ዙሪያውን እየቃኙ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ መቁጠር ጀመሩ። «እነ ወርቅነሽ የሉም? እሺ። ይሁን።» ወርቅነሽ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ በማግሥቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች። አስቴር ግን ለእኔ አልሳቀችም። «አንተንና ያንን ሰርተፍኬትህን ዛሬ አወርዳችኋለሁ» አለችኝ፤ እውነትም አወረደችው።

ቤት ገብተን ሂሩት ጋ ደወልኩ፤ ግርማ ድምፁን ክፈተውና ሁላችንም እንስማ አለ። «ዜሮ አልኩህ እንዴ? ባዶ ነው ያልኩህ!» አለች ሂሩት፤ እንደ ልማዷ እየሄደች ነበር፤ ታስታውቃለች። «ዜሮ ማለት ለክተህ ምንም ስታጣ ነው። ባዶ ማለት ጭራሽ አልለካህም። ዝም ብለህ ምንም አትጻፍበት!»

«ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም?»

«አንተ ጋ ብቻ ነው አንድ የሆኑት» ብላ ዘጋችው።

ፋይሉ በፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። በግርማ ላፕቶፕ ከፍተን ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። መስመሩ ተስተካክሎ ወጣ፤ አንድም ቦታ አልወደቀም፤ እሁድ እሁድ ብቻ ይቋረጣል። እፎይ አልኩ። «ይሄን ክፍተት ካልወደድከው ቅዳሜንና ሰኞን በመስመር ማገናኘትም ይቻላል፤ ምንም ያልጎደለ ይመስላል» አልኩት ለግርማ። እማማ እንዲቀሩልኝ ስል የማልቀጥለው መስመር አልነበረም።

ግርማ ግን አልሰማኝም፤ ጣቱን ክፍተቶቹ ላይ እያስኬደ ይቆጥር ነበር። «ሁሉም እሁድ ነው» አለ። «እማዬ፣ ቅዳሴ ከሌሊት ገብተሽ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሆን ቤት ነሽ። ቀኑን ሙሉ ለምን አልተለካሽም?»

እኔ ሦስት ወር ሙሉ ይሄን አስቤው አላውቅም። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ ተናገሩ።

«ቅዳሜ ማታ ትደውልልኝና ‹ነገ እመጣለሁ እማዬ› ትላለህ። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ በሩን እያየሁ እቀመጣለሁ። መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል። እንዲህ ሆኜ ብለካ ከፍ ይላል። ከፍ ካለ ደግሞ ትወስደኛለህ። ስለዚህ እሁድ እሁድ አልለካም አልኩ።»

ከአሥራ ሁለቱ እሁዶች በአንዱም አልመጣም ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ሥራ መጣ፣ መኪና ተበላሸ፤ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግርማ አለቀሰ። ይህን ልጅ ሲያለቅስ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ድምፅ ሳያሰማ ሲያለቅስ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጋሽ መኮንን በበሩ ብቅ ብለው አዩንና «አሁን ደግሞ ማን ነው? ድንኳኑን ላንሣው ወይስ ይቆይ?» አሉ።

ያን ቀን ስለ አዳማ ማንም ትንፍሽ አላለም። ግርማም ወደ ቤቱ ተመለሰ። እሁድ ጠዋት ግን እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሞ አገኙት። ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ መለኪያውን አምጡ አለ፤ ጨርቁን በገዛ እጁ ክንዳቸው ላይ ጠመጠመው። መለኪያው እያጓራ ነፋ፣ ቆመ። አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። ከሦስት ወሩ ቁጥር ሁሉ ከፍተኛው ይሄ ነበር። አስቴር ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ፤ ከፍ ዝቅ ካለ ነበር ያለው።

ግርማ ላፕቶፑን ከፍቶ ቁጥሩን ራሱ ጻፈው።

«ጻፍከው?» አሉት እማማ።

«ጻፍኩት።»

«እንግዲህ ልትወስደኝ ነው።»

«አይ እማዬ» አለ፤ ጨርቁን ቀስ አድርጎ ከክንዳቸው ላይ ፈታው። «በሚቀጥለው እሁድ ገና መጠበቅ ሳትጀምሪ እመጣለሁ።»